በ400 ዶላር የአደን መነጽር



ኖቬምበር ሲገባ በሚኔሶታ የመሥሪያ ቤቶች ወሬ ይለወጣል። አንዱ ባልደረባ የሳምንት ፈቃድ ይወስዳል፤ ሌላው ምሳ ሰዓት ላይ የአጋዘን ፎቶ ያሳያል፤ ነዳጅ ማደያ ስትገቡ ደማቅ ብርቱካናማ ጃኬት የለበሱ ሰዎች ቡና ሲቀዱ ታያላችሁ። እዚህ ተወልደው ያደጉ፣ እኔ የማውቃቸው ጥቂት የእኛ ልጆችም ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ ጫካ መውጣት ጀምረዋል። ትምህርቱን ይወስዳሉ፣ ፈቃዱን ያወጣሉ፣ ጠመንጃ ይገዛሉ። ከዚያ ሱቅ ሲገቡ ከጫፍ እስከ ጫፍ የጠመንጃ መነጽር የተደረደረበት መደርደሪያ ይጠብቃቸዋል። አንዱ 60 ዶላር ነው፤ ሌላው 2,000 ዶላር። ሁለቱም ጥቁር ቱቦ ናቸው፤ ሁለቱም ከፊትና ከኋላ መስታወት አላቸው።

ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ብዙ ገንዘብ የሌለው ወጣት የትኛውን ይግዛ?

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ገንዘባችሁ ጥቂት ከሆነ ለማጉላት አትክፈሉ፤ ለብርሃንና ለጥንካሬ ክፈሉ። ሁሉንም ገንዘብ ደግሞ መነጽሩ ላይ አትጨርሱት፤ ለልምምድ የሚሆን አስቀሩ። ለምን እንደሆነ አንድ በአንድ እንየው።

መጀመሪያ ቃላቱን እንወቅ

በእንግሊዝኛ «ስኮፕ» የሚባለውን በአማርኛ የጠመንጃ መነጽር እንለዋለን። ጠመንጃው ላይ ተገጥሞ ሩቁን የሚያቀርብ ቱቦ ነው። ጥይቱ የሚወጣበት የጠመንጃው ጫፍ አፈሙዝ ይባላል። ትከሻ ላይ የሚያርፈው ክፍል ሰደፍ ነው። በጣት የሚሳበው ቃታ ነው። ከመተኮስ በፊት ዓይንንና ጠመንጃን ዒላማው ላይ ማስተካከል ማነጣጠር ይባላል። እነዚህን አምስት ቃላት ከያዛችሁ ከአባቶቻችሁና ከአጎቶቻችሁ ጋር ስለ አደን በአማርኛ ማውራት ትችላላችሁ።

የአንድ ጥይት ጉዳይ

በሚኔሶታ በብዛት የሚታደነው ባለ ነጭ ጅራቱ አጋዘን ነው። አዳኝ የሚያነጣጥረው ልብና ሳንባው ያሉበት ቦታ ላይ ነው። ይህ ቦታ ስፋቱ 8 ኢንች ያህል ነው፤ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ከአንድ ትንሽ ሳህን አይበልጥም። ጥይቱ እዚያ ሳህን ውስጥ ካረፈ እንስሳው ብዙ ሳይሠቃይ ይሞታል። ሆዱን ወይም እግሩን ካገኘው ግን ይሸሻል፤ ጥሻ ውስጥ ይገባል፤ ለሰዓታት ይሠቃያል። አዳኙም ፈልጎ ላያገኘው ይችላል። እንስሳ አቁስሎ ማጣት በየትኛውም አገር አዳኞች ዘንድ ከሁሉ የሚከፋ ነገር ነው። መነጽር ስንመርጥ የምናስበው ስለዚህ ነው፤ ስለ ጌጥ ወይም ስለ ስም አይደለም።

ሌላው ጉዳይ ሰዓቱ ነው። አጋዘን በብዛት የሚንቀሳቀሰው ጠዋት ወገግ ሲልና ማታ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። «ወገግ ሲል» ማለት ሌሊቱ አልፎ ሰማዩ መንጣት ሲጀምር ማለት ነው። «ለዓይን ያዝ ሲያደርግ» ደግሞ ፀሐይ ከገባች በኋላ ጨለማው ሙሉ በሙሉ ሳይወርድ፣ የሰው ፊት መለየት ሲያስቸግር ማለት ነው። የሚኔሶታ ሕግ አጋዘን ማደን የሚፈቅደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ፀሐይ ከገባች ግማሽ ሰዓት በኋላ ድረስ ነው። ስለዚህ መነጽሩ በጣም የሚያስፈልጋችሁ ብርሃን በሚያንስበት በእነዚህ ሁለት ግማሽ ሰዓቶች ነው።

ቁጥሩን ማንበብ

መነጽሩ ላይ ለምሳሌ 3-9×40 ተብሎ ይጻፋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ ይነግሯችኋል። ቀለበቱን በማዞር ከ3 ጊዜ እስከ 9 ጊዜ ማቅረብ ትችላላችሁ። 9 ላይ ስታደርጉት በ90 ያርድ ያለ አጋዘን በ10 ያርድ እንዳለ ሆኖ ይታያል። የመጨረሻው ቁጥር የፊቱ ሌንስ ስፋት ነው፤ 40 ሚሊ ሜትር።

ባለፈው ዓመት ከአክስቴ ልጅ ጋር ሱቅ ሄጄ ነበር። 6-24×50 የተጻፈበትን አነሳችና «ይኼ እኮ 24 ጊዜ ያጎላል፤ ዋጋውም 120 ዶላር ብቻ ነው። ይሻላል አይደል?» አለችኝ።

«የት ነው የምታድኚው?» አልኳት።

«የጓደኛዬ አባት መሬት ላይ፤ ጫካ ውስጥ።»

«ከምትቀመጪበት እስከ መጨረሻው የሚታየው ዛፍ ስንት ያርድ ይሆናል?»

ትንሽ አሰበችና «ሰማንያ ቢሆን ነው» አለች።

መልሱ እዚያው አለ። መነጽር ባጎላ ቁጥር የሚያሳየው ቦታ ይጠብባል። አንድ የተለመደ 3-9×40 መነጽር 3 ላይ ሲሆን በ100 ያርድ ርቀት ወደ 34 ጫማ ስፋት ያሳያል። 9 ላይ ሲሆን ግን ወደ 12 ጫማ ይወርዳል። አሁን አጋዘኑ በ30 ያርድ ላይ ብቅ አለ እንበል። 9 ላይ የምታዩት አራት ጫማ እንኳ የማይሞላ ቦታ ነው። ቡናማ ፀጉር ብቻ ታያላችሁ፤ ትከሻው ይሁን ዳሌው አታውቁም። 3 ላይ ግን አሥር ጫማ ያህል ስለሚታይ እንስሳው በሙሉ ይገባል። ስለዚህ በጫካ ውስጥ ለሚያድን ሰው ትልቁ ቁጥር ሳይሆን ትንሹ ቁጥር ነው ዋናው። በ6 የሚጀምር መነጽር ለቅርብ ርቀት አስቸጋሪ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ፋብሪካው 24 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር በ120 ዶላር ለመሸጥ ገንዘቡን ከየት ቆጠበ? አብዛኛውን ጊዜ ከመስታወቱ ጥራት፣ ከሽፋኑና ከውስጥ ካሉት ትንንሽ ብረቶች ነው። በዚያው ዋጋ 3-9×40 ሲሠራ ግን ገንዘቡን ለጥራት ማዋል ይችላል። አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይላሉ። የማያስፈልግ ነገር ውስጥ ራስን ማስገባት ማለት ነው። የማትጠቀሙበት ማጉያም እንደዚያ ነው።

በነፃ የሚገኝ ብርሃን

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የፊቱን ሌንስ ስፋት በማጉያው ቁጥር አካፍሉት። የምታገኙት ከመነጽሩ ኋላ የሚወጣው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። 40ን ለ9 ስናካፍል 4.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ለ6 ስናካፍል 6.7 ይሆናል። ለ4 ስናካፍል 10።

ይህ ለምን ይጠቅማል? በጨለማ ውስጥ የወጣት ሰው የዓይን ብሌን እስከ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይከፈታል። ዕድሜ ሲጨምር መክፈቻው ይቀንሳል። መነጽሩ የሚልከው ክብ ከብሌናችሁ ካነሰ የምታዩት ምስል ይጨልማል። ከብሌናችሁ ከሰፋ ደግሞ ትርፉ ብርሃን ዓይናችሁ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ማጉያውን ከ9 ወደ 6 መልሱት፤ ምስሉ ወዲያው ይበራል። ይህ ምንም ገንዘብ አያስወጣም።

«እንግዲያውስ ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር ቢሆን አይሻልም?» ትሉ ይሆናል። 9 ላይ ሲሆን ልዩነት አለው። 6 ላይ ሲሆን ግን የ40ው ሌንስ ዓይናችሁ የሚችለውን ብርሃን ከሞላ ጎደል ይሰጣችኋል። 50ው ዋጋው ይጨምራል፤ ክብደቱ ይጨምራል፤ ከጠመንጃውም ከፍ ብሎ መገጠም አለበት። ከፍ ሲል ጉንጫችሁ ሰደፉ ላይ በደንብ አያርፍም፤ ጉንጭ ካላረፈ ማነጣጠር ይከብዳል።

በጀርመን የምትኖሩ አንባቢዎች የአዳኞች መነጽር ላይ 8×56 የሚል ጽሑፍ ልታዩ ትችላላችሁ። እዚያ የዱር አሳማ ብዙ ጊዜ የሚታደነው ሌሊት በጨረቃ ብርሃን፣ ከፍ ካለ የእንጨት መቀመጫ ላይ ሆኖ ነው። 56ን ለ8 ስናካፍል በትክክል 7 ይሆናል። ለዚያ አገር፣ ለዚያ ሰዓት የተሠራ መነጽር ነው። የሚኔሶታ አዳኝ ሌሊት አጋዘን ማደን ስለማይፈቀድለት ለዚህ ትልቅ ሌንስ የሚከፍልበት ምክንያት የለውም። መነጽር የሚመረጠው እንደ ቦታው ነው።

ሽፋኑ

ብርሃን ከአየር ወደ መስታወት ሲገባ ወይም ከመስታወት ወደ አየር ሲወጣ ጥቂቱ ተንጸባርቆ ይመለሳል። ሽፋን በሌለው መስታወት ላይ ይህ ኪሳራ በእያንዳንዱ ገጽ 4 በመቶ ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በመነጽር ውስጥ ብዙ ሌንሶች አሉ። አምስት ሌንሶች ቢኖሩ አሥር ገጾች አሉ ማለት ነው። በእያንዳንዱ 4 በመቶ ሲቀነስ መጨረሻ ላይ ከመቶው ብርሃን ዓይናችሁ ጋ የሚደርሰው 66 ገደማ ብቻ ነው። በጥሩ ሽፋን ኪሳራውን በእያንዳንዱ ገጽ ወደ ግማሽ በመቶ ብናወርደው ግን 95 ያህሉ ይደርሳል። ፀሐይ በሞላበት ቀን ልዩነቱን ላታዩት ትችላላችሁ። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ግን ቀንዱን ከቅርንጫፍ የሚለየው ይህ ልዩነት ነው።

ካርቶኑ ላይ አራት ዓይነት ጽሑፍ ታገኛላችሁ። «ኮትድ» ማለት ቢያንስ አንድ ገጽ አንድ ንብርብር ሽፋን አለው ማለት ነው። «ፉሊ ኮትድ» ሁሉም ገጾች አንድ ንብርብር አላቸው። «መልቲ ኮትድ» ቢያንስ አንድ ገጽ ብዙ ንብርብር አለው። «ፉሊ መልቲ ኮትድ» ሁሉም ገጾች ብዙ ንብርብር አላቸው። የምትፈልጉት የመጨረሻውን ነው። ዛሬ ከ150 እስከ 250 ዶላር በሚሸጡ ብዙ መነጽሮች ላይ ይህ ጽሑፍ ይገኛል። ካርቶኑ ላይ ስለ ሽፋን ምንም ካልተጻፈ መልሳችሁ አስቀምጡት።

በሱቅ ውስጥ ደግሞ አንድ ዘዴ አለ። የሱቅ መብራት ደማቅ ስለሆነ ርካሹም ውዱም ጥሩ መስሎ ይታያል። በተቻለ መጠን ወደ ማታ ሂዱ። መነጽሩን ገና ጠመንጃ ላይ ሳይገጠም ይዛችሁ በር ላይ እንድታዩበት ሻጩን ጠይቁ። ጥላ ያለበትን ጥግ፣ ከመኪና ሥር ያለውን ጨለማ፣ የሩቅ ምልክት ላይ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ ተመልከቱ። ሁለት መነጽሮችን በአንድ ማጉያ አድርጋችሁ አወዳድሩ። ዓይናችሁ ከካርቶኑ ይልቅ እውነቱን ይነግራችኋል።

ጥንካሬው

ጠመንጃ ሲተኮስ ወደ ኋላ በኃይል ይገፋል። ይህ ርግጫ መነጽሩንም ይመታዋል። የመስቀሉ መስመር ከቦታው በትንሹ ቢንቀሳቀስ ጥይቱ ሌላ ቦታ ያርፋል። ስለዚህ ከብርሃን ቀጥሎ የምንፈልገው ነገር መነጽሩ የተስተካከለበትን ቦታ እንዳይለቅ ነው።

ሦስት ነገሮችን ተመልከቱ። አንደኛ፣ መነጽሩ የተሠራው ለየትኛው ጠመንጃ ነው? ለትንሿ 22 ጠመንጃ የተሠሩ ርካሽ መነጽሮች አሉ። ርግጫው ቀላል ስለሆነ የአጋዘን ጠመንጃን ላይችሉ ይችላሉ። የተስተካከሉትም አብዛኛውን ጊዜ ለ50 ወይም ለ60 ያርድ ነው፤ የአጋዘን መነጽር ግን ለ100 ወይም ለ150 ያርድ ይስተካከላል።

ሁለተኛ፣ ዓይናችሁ ከመነጽሩ ምን ያህል ይርቃል? ሙሉውን ምስል እያያችሁ ዓይናችሁ ከኋላው ሌንስ 3.5 ኢንች፣ ማለትም 9 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢርቅ ጥሩ ነው። ርቀቱ ካነሰ ጠመንጃው ሲገፋ የመነጽሩ ጠርዝ ቅንድባችሁን ይመታችኋል። ብዙ አዳኞች ቅንድባቸው ላይ የግማሽ ጨረቃ ጠባሳ ያለባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛ፣ ውስጡ በናይትሮጅን ወይም በአርጎን ጋዝ የተሞላ ነው? የሚኔሶታ ኖቬምበር ብርዱ ከባድ ነው። ከሞቀ መኪና ወጥታችሁ ቀዝቃዛ አየር ውስጥ ስትገቡ፣ ውስጡ እርጥብ አየር ያለበት መነጽር በጉም ይሞላል። ደረቅ ጋዝ የተሞላ መነጽር ከውስጥ አይጎምም።

የማትከፍሉባቸው ነገሮች

በዚህ ዋጋ ሳትገዙ የምታልፏቸው ነገሮች አሉ። የሚበራ መስቀል ጥሩ ነው፤ ግን የግድ አይደለም። ትልልቅ ከፍ ያሉ የማስተካከያ ቁልፎች ለረጅም ርቀት ተኳሾች ናቸው። ብዙ መስመርና ነጥብ የሞላበት መስቀልም እንዲሁ። ከዳር ወፍራም፣ መሀሉ ላይ ቀጭን የሆነ ቀላል መስቀል በጨለማ ውስጥ በደንብ ይታያል፤ ግራም አያጋባም።

ለምን አያስፈልጉም? 308 ወይም 30-06 የሚባሉት የተለመዱ የአጋዘን ጠመንጃዎች በ100 ያርድ ወደ 2 ኢንች ከፍ ብለው እንዲመቱ ከተስተካከሉ፣ በ200 ያርድ ከመሀል ብዙ አይርቁም። ስምንት ኢንች ለሆነው ሳህን ይህ በቂ ነው። እስከ 200 ያርድ ድረስ ምንም ቁልፍ ማዞር አያስፈልግም። በጫካ ውስጥ ደግሞ ከዚያ በላይ ማየትም አይቻልም።

አራቱን መቶ ዶላር ማካፈል

ዋጋ በየሱቁና በየወቅቱ ይለያያል። እኔ ግን 400 ዶላር ቢኖረኝ እንዲህ አካፍለው ነበር፦

መነጽሩ 200 ዶላር። 3-9×40 ወይም 2-7 የሚያጎላ፣ ፉሊ መልቲ ኮትድ የሆነ።

መቀመጫውና ቀለበቶቹ 40 ዶላር። መነጽሩን ከጠመንጃው ጋር የሚያያይዙት ብረቶች ናቸው። በሥራዬ ሶፍትዌር እሠራለሁ፤ ትልቅ ሥርዓት የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ውዱ ክፍል ተበላሽቶ ሳይሆን ማንም ልብ ያላለው ትንሽ ክፍል ችግር ሲፈጥር ነው። ብሎኑ ከላላ የ2,000 ዶላር መነጽርም ዋጋ የለውም። ብሎኖቹን አምራቹ በጻፈው ልክ አጥብቁ፤ መሣሪያው ከሌላችሁ ሱቁ እንዲገጥምላችሁ ጠይቁ።

ባይኖኩላር 80 ዶላር። በሁለት ዓይን የሚታይበት፣ በእጅ የሚያዝ መነጽር ነው። ይህን ብዙ ጀማሪ ይረሳዋል፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድመዋለሁ። ባይኖኩላር የሌለው ሰው ቁጥቋጦ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ባየ ቁጥር ምን እንደሆነ ለማወቅ የጠመንጃውን መነጽር ያነሳል። መነጽሩን ሲያነሳ አፈሙዙም አብሮ ይዞራል። የሚንቀሳቀሰው ነገር ሰው ቢሆንስ? ጠመንጃውን ሰው ላይ ደገነ ማለት ነው። በጠመንጃ መነጽር የሚታየው አስቀድሞ በባይኖኩላር ታይቶ እንስሳ መሆኑ የታወቀ ነገር ብቻ ነው።

ጥይት 80 ዶላር። እንደ ዋጋው ሁለት ወይም ሦስት ፓኬት ይገዛል። ይህ ለልምምድ ነው።

ያገለገለ መነጽር መግዛትም ይቻላል። ሌንሱ ላይ ጭረት፣ ቱቦው ላይ ስርጉደት እንደሌለ ተመልከቱ። በጆሯችሁ አጠገብ ነቅነቅ አድርጉት፤ የሚንኮሻኮሽ ነገር ካለ ተዉት። እንደ ሉፖልድና ቮርቴክስ ያሉ ኩባንያዎች የዕድሜ ልክ ዋስትና አላቸው፤ ዋስትናው መነጽሩን እንጂ የመጀመሪያውን ገዢ ብቻ አይከተልም። ነገር ግን በኢንተርኔት የታወቁ ስሞችን አስመስለው የሚሸጡ አሉ። አዲስ ዕቃ ከሌሎች ሱቆች በግማሽ ዋጋ ከቀረበላችሁ ተጠራጠሩ።

ተኩስ ሜዳ ላይ

መነጽሩ ከተገጠመ በኋላ ከጠመንጃው ጋር መስማማት አለበት። በመነጽሩ ላይ ሁለት ቁልፎች አሉ። አንዱ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያስተካክላል። ስታዞሯቸው ቀጭ፣ ቀጭ ይላሉ። በአብዛኞቹ የአሜሪካ መነጽሮች አንድ ቀጭታ በ100 ያርድ ላይ ሩብ ኢንች ያህል ያንቀሳቅሳል። አራት ቀጭታ አንድ ኢንች ነው።

ጥይት ለመቆጠብ በ25 ያርድ ጀምሩ። በዚህ ርቀት አንድ ቀጭታ የሚያንቀሳቅሰው የሩብ ኢንች ሩብ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥይቱ 2 ኢንች ወደ ግራ ካረፈ 32 ቀጭታ ወደ ቀኝ ታዞራላችሁ። ጀማሪዎች 8 ብቻ አዙረው «መነጽሩ አይሠራም» የሚሉት እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ወደ 100 ያርድ ሂዱ። ሁልጊዜ ሦስት ጥይት ተኩሱና የሦስቱን መሀል ተመልከቱ፤ በአንድ ጥይት ብቻ ቁልፍ አታዙሩ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው ነው።

መነጽሩ እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ አንድ ፈተና አለ። አንድ ጊዜ ተኩሱ። 16 ቀጭታ ወደ ላይ አዙራችሁ ተኩሱ፤ 16 ወደ ቀኝ አዙራችሁ ተኩሱ፤ 16 ወደ ታች አዙራችሁ ተኩሱ፤ 16 ወደ ግራ መልሳችሁ ተኩሱ። ሁልጊዜ የምታነጣጥሩት አንድ ነጥብ ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ አራት ማዕዘን መታየት አለበት፤ የመጨረሻውም ጥይት ከመጀመሪያው አጠገብ ማረፍ አለበት። ሳጥኑ ከተጣመመ ወይም ጥይቱ ካልተመለሰ መነጽሩን ለሱቁ መልሱ። ይህን የምታደርጉት የመመለሻው ቀን ከማለፉ በፊት ነው።

በቀረው ጥይት የወረቀት ሳህን ላይ ተለማመዱ። ጠረጴዛ ላይ ተደግፋችሁ ሳይሆን በጫካ ውስጥ እንደምትሆኑት፣ ተቀምጣችሁ ወይም ተንበርክካችሁ ተኩሱ። ከ50 ያርድ ጀምሩና እየራቃችሁ ሂዱ። ሁሉም ጥይት ሳህኑ ውስጥ የሚያርፍበት የመጨረሻው ርቀት የእናንተ ልክ ነው። መነጽሩ 300 ያርድ ሊያሳያችሁ ይችላል፤ ልካችሁ 90 ያርድ ከሆነ ግን አጋዘኑ በ120 ላይ ሲቆም ቃታውን አትስቡም። ይህን ልክ በ2,000 ዶላርም መግዛት አይቻልም፤ የሚገኘው በእነዚያ ሁለት ወይም ሦስት ፓኬት ጥይቶች ነው። ከመነጽሩ ገንዘብ ቀንሱ ያልኳችሁም ለዚህ ነው።

ለቤተሰብ ሦስት ነገር

ብዙ እናቶችና አባቶች ቤት ውስጥ ጠመንጃ መኖሩ ያስጨንቃቸዋል። ጭንቀታቸው ተገቢ ነው። ጠመንጃውን በሚቆለፍ ሣጥን፣ ጥይቱን ደግሞ ለብቻው በሌላ ቦታ ቆልፉ። ቁልፉ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይሁን። ይህን አስቀድማችሁ ለወላጆቻችሁ አሳዩአቸው፤ ንግግሩ ይቀላል።

ሕጉንም እወቁ። በሚኔሶታ ከዲሴምበር 31 ቀን 1979 በኋላ የተወለደ ሰው የአደን ፈቃድ ለማውጣት በመደበኛው ሁኔታ የጠመንጃ ደኅንነት ትምህርት መውሰድ አለበት። በጠመንጃ የአጋዘን ወቅት ደግሞ ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ ልብስ መልበስ ግዴታ ነው። በሌላ ክፍለ ግዛት ወይም በሌላ አገር የምትኖሩ የራሳችሁን ደንብ አንብቡ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። አገር ቤት ያለ ዘመድ «እንደዚያ ያለ መነጽር ይዘህልኝ ና» ሊል ይችላል። የጠመንጃ መነጽር ከአሜሪካ ወደ ውጭ ማውጣት በኤክስፖርት ሕግ ቁጥጥር ይደረግበታል፤ ወደ ኢትዮጵያ ለመውሰድም ከመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል። በሻንጣ ይዞ መሄድም እንደ መላክ ይቆጠራል። ዘመዳችሁን በትሕትና «ሕጉ አይፈቅድልኝም» በሉትና ሌላ ስጦታ ውሰዱለት።

ሱቅ ስትሄዱ

እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ። ትንሹ ማጉያ ስንት ነው? ሽፋኑ ፉሊ መልቲ ኮትድ ነው? ዓይኔ ከመነጽሩ ምን ያህል ይርቃል? ለየትኛው ጠመንጃና ርቀት ነው የተሠራው? ከተበላሸ ማን ይጠግንልኛል? ሻጩ ለአምስቱም ጥሩ መልስ ካለውና ዋጋው ከ200 ዶላር ካልበለጠ ግዙት። የቀረውን ገንዘብ ይዛችሁ ወደ ተኩስ ሜዳ ሂዱ።

እስከሚቀጥለው ሳምንት ደኅና ሁኑ።